ከማብረቁ በፊት ሞላውን ይመልከቱ፦ ስላገለገሉ በእጅ የሚሳቡ የኤስፕሬሶ ማሽኖች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። ከእህቴ ጋር ሆነን አነስተኛ ካፌ ለመክፈት ስንዘጋጅ፣ ካፌውን የዘጋ አንድ ሰው ባለ ሁለት ግሩፕ (ግሩፕ ቡናው የሚወጣበት የማሽኑ ራስ ነው)፣ በእጅ የሚሳብ የቆየ የጣሊያን ማሽን ሊሸጥልን ፈቃደኛ ሆነ። ማሽኑ ተወልውሎ እንደ መስታወት ያበራል። ሻጩ «እስከ ዘጋሁበት ቀን ድረስ ሲሠራ ነበር» ቢለንም፣ ሁለት ዓመት ያህል በመጋዘን ተቀምጧል። ዋጋው ከአዲስ ባለ ፓምፕ ማሽን በጣም ያነሰ ስለሆነ ጓጉተናል፤ ነገር ግን ያለችን ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ የምትወጣ ናት። ከመግዛታችን በፊት ምን እንፈትሽ? ከማሽኑ ሌላስ ምን ያስፈልገናል? መብራት ሲጠፋም ይሠራል የሚባለው እውነት ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከሐይቅ ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ፣ ማሽኑ ሞቆ ቡና ሲያወጣ በዓይንዎ ሳያዩ ቀብድ እንኳ እንዳይከፍሉ ነው። ሻጩ ቦይለሩን፣ ማለትም ውሃው የሚሞቅበትን ጋን፣ ውሃ ሞልቶ፣ ኤሌክትሪክ ሰክቶ፣ ግፊቱ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል አብሮዎት ለመቀመጥ ካልፈቀደ፣ ለዚያ ማሽን የሚገባው ዋጋ የመዳብና የናስ ቁርጥራጭ ዋጋ ነው። ውልወላው ምንም አይነግርዎትም። ላዩን ማሳመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የማሽኑ ዕድሜ የሚታወቀው ግን በግሩፑ ውስጥና በቦይለሩ ሥር ነው።

ፍተሻው ትርጉም እንዲኖረው አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩት የቡና ማሽኖች ውሃውን በቡናው ውስጥ የሚያሳልፉት በእንፋሎት ግፊት ብቻ ስለነበር ጉልበታቸው ከ1.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ብዙም አይበልጥም ነበር። ሚላን ውስጥ ቡና ቤት የነበረው አኪሌ ጋጂያ እ.ኤ.አ. በ1948 በሞላ የሚሠራውን ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ ግን ግፊቱ በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ ዛሬ ከኤስፕሬሶ ላይ የምናየው ወርቃማ አረፋም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ማንሻውን ወደ ታች ሲስቡት በግሩፑ ውስጥ ያለው ፒስተን ወደ ላይ ይወጣል፣ ሞላው ይጨመቃል፣ የቦይለሩም ውሃ ከፒስተኑ በታች ገብቶ ቡናውን ያርሰዋል። ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ቆይተው ማንሻውን ቀስ ብለው ሲመልሱት ሞላው ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ግፊቱም በ8 ወይም በ9 ባር አካባቢ ጀምሮ ሞላው በተዘረጋ ቁጥር እየላላ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚወደው ለስላሳ ጣዕም ከዚህ እየላላ ከሚሄድ ግፊት ጋር የተያያዘ ነው። «ሞላ» የምንለው ቃል ራሱ እንደ «ቡሎን»፣ እንደ «ዳዶ» እና እንደ «ካቻቢቴ» ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ በመሆኑ፣ ይህን ማሽን የሚፈታው የሐዋሳ መካኒክ ከሠራው ሰው ጋር ግማሽ ያህል በአንድ ቋንቋ ይግባባል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ማሽኑ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ከጎኑ ወይም ከሥሩ ያለችውን የብረት ሰሌዳ ያንብቡ፤ የሠሪውን ስም፣ የሞዴሉን ስያሜ፣ ቮልቱንና ዋቱንም ፎቶ ያንሡ። የጎማ ማሸጊያዎቹ፣ ማለትም ጎሚኒዎቹ፣ እንደ ግሩፑ ዓይነት ይለያያሉ። ለታወቁት የጣሊያን ግሩፖች ዛሬም ይመረታሉ፤ ሠሪው ለማይታወቅ ማሽን ግን እያንዳንዱን በልክ ማሠራት ሊኖርብዎ ስለሚችል፣ ይህን ሳያረጋግጡ ዋጋ አይከራከሩ። ቀጥሎ የጎንና የሥር መሸፈኛዎቹን ያስፈቱና ቦይለሩን በስልክዎ መብራት ይዩ። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ የወረደ መስመር ካለ ውሃ ሲያፈስ ኖሯል ማለት ነው። ከቡሎን ሥር የሚታይ መስመር ብዙ ጊዜ የማሸጊያ ጉዳይ ስለሆነ አያስደንግጥዎ። መስመሩ በቦይለሩ አካል ላይ ወይም በብየዳው ላይ ከሆነ ግን ማሽኑን ይተዉት፤ ግፊት የሚሸከም ዕቃ በአቅራቢያ በተገኘ በያጅ የሚጠገን ነገር አይደለም። በጣም በቆዩ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሙቀት እንዲችል ተብሎ አስቤስቶስ ያለበት ማሸጊያ ወይም መጠቅለያ ሊኖር ይችላል። ግራጫ፣ ክር ክር የሚል፣ እየፈረፈረ የሚወድቅ ነገር ካዩ አይፋቁት፣ አይጥረጉትም፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ሞቀው ማሽን እንምጣ። ግፊቱ 1 ባር ገደማ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠረው መሣሪያ «ቀጭ» ብሎ ማቋረጥ፣ ግፊቱ ትንሽ ሲወርድም መልሶ ማብራት አለበት። የግፊት መለኪያው መርፌ ሳይቆም ወደ ላይ መውጣቱን ከቀጠለ ወዲያውኑ ያጥፉት። ግፊት የሚያስተነፍሰው የደህንነት ቫልቮላ የማይነቃነቅ ወይም ተደፍኖ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ማሽኑን ለፈተና እንኳ አያሙቁት፤ በዚህ ነገር መደራደር የለም።

ከዚያ በልኩ የተፈጨ ቡና ማጥለያው ላይ ሞልተው፣ ጠቅጥቀው፣ የማጥለያውን እጀታ ግሩፑ ላይ አጥብቀው ማንሻውን ይሳቡ። እጅዎ ላይ የሚሰማዎት ክብደት ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ እየሆነ መጨመር አለበት፤ መሀል ላይ የሚንቀጫቀጭ ወይም ድንገት የሚላላ ከሆነ ፒኖቹ ተበልተዋል፣ ወይም ሞላው ተሰብሯል። ማንሻውን ሳይለቁ፣ እጅዎን እንደያዙ ሲመልሱት ከተወሰነ ከፍታ ላይ ቡናው ይዞት ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ የቡናውም ክር እንደ ማር ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። ማንሻው ሳይያዝ ቶሎ ከወጣ ወይ ቡናው ሸካራ ነው፣ ወይ ጎሚኒዎቹ አልቀዋል። ሁለቱን ለመለየት የሚያፈስበትን ቦታ ይዩ። ማንሻው ላይ ወጥቶ በዕረፍት ላይ ሳለ ከግሩፑ አፍ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ የታችኛው ጎሚኒ አልቋል። ሲስቡት ከግሩፑ አናት፣ ከማንሻው ሥር ውሃ ወይም እንፋሎት ብቅ ካለ የላይኞቹ አልቀዋል። ሁለት ዓመት ደርቆ በተቀመጠ ማሽን ላይ ይህን ማየት የሚጠበቅ ነው፤ ጎሚኒዎቹን መለወጥና ለምግብ ዕቃ በተፈቀደ የሲሊኮን ግራሶ መቀባት ያስተካክለዋል። ጎሚኒ የሚሄድበት የናስ ግድግዳ በጥፍር የሚያዝ ጭረት ካለው ግን አዲሱም ጎሚኒ ቶሎ ያልቃል። እንግዲህ ዋጋ የሚከራከሩት በዚህ ልዩነት ላይ ነው፦ የሚለወጠው ነገር ቢበላሽ ዋጋ ያስቀንሳል፣ የማይለወጠው ቢበላሽ ግዢውን ያስቀራል።

ስለ አደጋው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ባዶ ግሩፕ ላይ ማንሻውን ስበው አይልቀቁ፤ የሚገታው ነገር ስለሌለ በሞላው ሙሉ ጉልበት ተወርውሮ አገጭ ይሰብራል። በዚህ ማሽን የሚሠራ ሰው ፊቱን ከማንሻው መንገድ ላይ አያቀርብም፤ ይህን ለእህትዎም በመጀመሪያው ቀን ያስተምሯት። ማንሻው ሳይመለስ የማጥለያውን እጀታ መፍታትም ፍል ውሃና ቡና ፊት ላይ ይረጫል። ግሩፑን ፈትቶ ሞላውን ማውጣት ደግሞ ሞላውን በረጃጅም ቡሎኖች ይዞ ቀስ በቀስ ማላላት የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

የመብራቱ ነገር ከፊሉ እውነት ነው። ማሽኑ ፓምፕ አያስፈልገውም፤ ውሃውን የሚያሞቀው ግን ኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚሠራው ቦይለሩ ውስጥ ሙቀት እስካለ ድረስ ነው። አንዳንድ ማሽኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የጋዝ ማቃጠያ አላቸው፤ የእርስዎ እንዲህ ከሆነና እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋው መቆጣጠሪያ የሚሠራ ከሆነ ትልቅ ሀብት ነው። ከፋብሪካው ጋዝ ያልተሠራለትን ግን በቤት ውስጥ ዘዴ ወደ ጋዝ አይለውጡት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የውሃውን ግፊት ነው። ከጣሪያ ላይ ሮቶ የሚመጣ ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ብቻ ስለሚያገኝ፣ በ4 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.4 ባር ነው፤ ይህ ውሃ 1 ባር ወዳለው ቦይለር በምንም መንገድ አይገባም። ስለዚህ ወይ ትንሽ ፓምፕ ያስገጥሙ፣ ወይ ማሽኑ ቀዝቃዛ ሳለ በየጠዋቱ እስከ ምልክቱ ይሙሉት። ከቦይለሩ 3 ሊትር መጠቀም ከቻሉ፣ በአንድ ስኒ 50 ሚሊ ሊትር ቢታሰብ እንፋሎቱን ሳይጨምር 60 ስኒ ገደማ ነው። ውሃው በማሳያው ብርጭቆ ላይ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዶ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ክፍል፣ ከተጋለጠ ግን ይቃጠላል። ማሽኑ 3000 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት ወደ 14 አምፔር ስለሚስብ፣ ለብቻው የተዘረጋ መስመርና አስተማማኝ የመሬት ሽቦ ይፈልጋል፤ ከፍሪጁ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰኩት።

ከማሽኑ ሌላ ለሚሉት፣ ልቤን ከፍቼ የምነግርዎ አንድ ነገር ቢኖር ገንዘብዎን ሁሉ ማሽኑ ላይ እንዳያፈሱ ነው። ከያዙት ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን ለመፍጫው ያስቀሩ። ሙቀጫ ለጀበና ቡና ምን ያህል እንደሚስማማ አውቃለሁ፣ ቤቴም ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ዱቄትና ሸካራ አንድ ላይ ስለሚያወጣ በሞላ ግፊት ውሃው በሸካራው በኩል መንገድ አበጅቶ ያመልጣል። ምላጭ ያለው የወጥ ቤት መፍጫም እንዲሁ ነው። የሚያስፈልግዎ በሁለት ጥርሳም ብረቶች መካከል የሚፈጭ፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚስተካከል የካፌ መፍጫ ነው። ያገለገለ ከገዙ ጥርሶቹን አስፈትተው በጥፍርዎ ይዳስሷቸው፤ ጥፍርዎን ካልያዙት ደንዝዘዋልና የአዲሶቹን ዋጋ ከሒሳቡ ይቀንሱ። ድንቅ ማሽን ከደካማ መፍጫ ጋር ሆኖ መራራና ውሃማ ቡና ሲያወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ተራ ማሽን ከጥሩ መፍጫ ጋር ሆኖ ግን ደንበኛ ሲያስመልስ አይቻለሁ። የቀረው ቀላል ነው፦ ግራም በአንድ አሥርዮሽ የሚያሳይ ሚዛን፣ በማጥለያው ልክ የሆነ መጠቅጠቂያ፣ የወተት ማፍያ ጆግ፣ አንድ ሙሉ ትርፍ የጎሚኒ ስብስብ። ለሁለት ስኒ በሚሆነው ማጥለያ ከ14 እስከ 18 ግራም ቡና ጨምረው፣ በክብደት እጥፉን ያህል ፈሳሽ በ25 እና በ35 ሰከንድ መካከል ካወጡ ጥሩ መነሻ ነው።

ውሃውን በተመለከተ በቤትዎ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ቦይለሩ ውስጥም ይሠራል። ማሽኑን ከገዙ በኋላ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ከ20 እስከ 30 ግራም ሲትሪክ አሲድ አሟሙተው፣ ቦይለሩን ሞልተው ለአንድ ሰዓት ያህል ካቆዩ በኋላ ደጋግመው ያጥቡት። በመጋዘን የቆየ መዳብ አረንጓዴ ዝገት ስለሚያወጣ፣ ከግሩፑ የሚወጣው ውሃ ጥርት ብሎ ጣዕም እስኪያጣ ድረስ ማንም እንዳይጠጣው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ሊበዛበት እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ውሃዎ ከጉድጓድ ከሆነ ያስመርምሩት፣ ምክንያቱም ቅርፊት የሚቀንሰው ማጣሪያ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ማፍላትም ውሃው በእንፋሎት በቀነሰ ቁጥር የቀረውን ያጠናክረዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ጥያቄ፦ እኔም የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ወንድሜ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ካፌ አለው፤ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ባለ ሞላ ማሽኑን በ1 ባር ላይ አስተካክሎ ጥሩ ቡና ያወጣል። እኔ በዚያው በ1 ባር ስሠራ ቡናዬ ይኮመጥጣል። ማሽኔ ታሞ ይሆን?
አንባቢያችሁ፣ ከመናኸሪያ

መልስ፦ ማሽንዎ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ የከተሞቹ ከፍታ ነው። ጅቡቲ ከተማ በባሕር ጠረፍ ላይ ስትሆን፣ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው በዙሪያው ካለው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ የሐዋሳ አየር ደግሞ 0.8 ባር ያህል ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ ሁለቱም መርፌዎች 1 ባር ላይ ቢቆሙም የወንድምዎ ቦይለር 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን የእርስዎ 117 ገደማ ነው። ድስት ላይ የሚፈላ ውሃም እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የወንድምዎን ሙቀት ለማግኘት መርፌዎ 1.2 ባር አካባቢ ላይ መቆም አለበት ማለት ነው፤ ይህንንም ቢሆን በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ግፊት ሳያልፉ፣ በ0.05 ባር እየጨመሩና በየጊዜው እየቀመሱ ያድርጉት።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር ያረጋግጡ። ማሽኑ ሲሞቅ ቦይለሩ ውስጥ የታሰረው አየር መርፌውን ያለ በቂ ሙቀት ወደ ላይ ይገፋዋል፤ መርፌው መነሣት ሲጀምር የእንፋሎቱን ቧንቧ ከፍተው አየሩን ያስወጡት፣ ከዚያም ግሩፑ ራሱ እስኪሞቅ ሌላ 20 ደቂቃ ይታገሡ። ሁለተኛው የቡናው አቆላል ነው። እኛ ጠዋት ቆልተን ጠዋት መጠጣት ለምደናል፣ ለጀበናም የሚገባው እሱ ነው፤ ትኩስ የተቆላ ቡና ግን በውስጡ ብዙ ጋዝ ስለሚይዝ በኤስፕሬሶ ማሽን ላይ አረፋው ይበዛል፣ ፈሳሹ ይፈናጠራል፣ ጣዕሙም ስል ይሆናል። ከተቆላ በኋላ ቢያንስ 5 ቀን ያሳርፉት። ደግሞም የታጠበ የሲዳማ ቡና በተፈጥሮው እንደ ሎሚ ያለ ደስ የሚል ቃና አለው፤ ያን ቃና በሙቀት አቃጥለው እንዳያጠፉት እለምንዎታለሁ። የሚነቀፈው ምላስ የሚያኮማትርና ቶሎ የሚጠፋው ኮምጣጣነት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዘመዴ ከውጭ አገር ሲመጣ ላ ፓቮኒ ኤውሮፒኮላ የምትባል ትንሽ የቤት ማሽን አመጣልኝ። መጠቅጠቂያዋ ስለጠፋ ለካፌ የሚሸጠውን ብገዛ አልገባ አለኝ። ልሰካትስ እችላለሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከታቦር

መልስ፦ ከመሰካትዎ በፊት ሰሌዳዋን ያንብቡ። የእኔ የመጀመሪያ የቤት ማሽን የመጣችው ከአሜሪካ ነበር፤ 120 ቮልት የሚለውን ሳላነብ 220 ቮልት ላይ ሰካኋት፣ ሬዚስታንሷም ውሃው ሳይሞቅ ተቃጠለ። ቮልቱ በእጥፍ ገደማ ሲጨምር የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናልና አንድ ደቂቃ እንኳ አይታገሥም። 220 ወይም 230 ቮልት የሚል ከሆነ ግን ያለ ሐሳብ ይሰኳት።

ይህች ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የምትሠራ ስትሆን ሞላ የላትም፤ ማንሻዋን ወደ ላይ ሲያነሡ ውሃ ይገባል፣ ወደ ታች ሲጫኑ በክንድዎ ጉልበት ቡናው ይወጣል። ከሦስት ስኒ በላይ በተከታታይ ካወጡ ግሩፗ ከልክ በላይ ስለሚግል ቡናው ይመርራል፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ያብርዱት። የቦይለሩን ክዳን ግፊት ሳለ በፍጹም አይፍቱ፤ መጀመሪያ ያጥፏት፣ በእንፋሎት ቧንቧው ግፊቱን አስወጥተው ሲያበቃ ይክፈቱ።

የካፌው መጠቅጠቂያ ያልገባው 58 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ነው። የቀድሞዎቹ ኤውሮፒኮላዎች ማጥለያ 49 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 አካባቢ ወዲህ የተሠሩት 51 ሚሊ ሜትር ነው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ የማጥለያውን የውስጥ አፍ በካሊፐር ለክተው ይወቁ። ከዚያ ማጥለያውን ራሱን ይዘው ቶርኖ ቤት ይሂዱ፤ ከማይዝግ ብረት፣ ከማጥለያው አፍ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የጠበበ፣ ሥሩ ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነ መጠቅጠቂያ በአጭር ጊዜ ያወጡልዎታል። እጀታውን ከወይራ እንጨት ቢያሠሩት በእጅ ላይ ይመቻል።